የአሮጌ መኪና ውስጥ ሲጫር፣ ሲላጥና ሲሰነጠቅ፦ በቤት የሚሠራ ጥገና

ሃያ ዓመት የሞላው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ሞተሩ ገና ደህና ሆኖ ውስጡ ቀድሞ ያረጃል። የሾፌሩ ወንበር ግራ ጎን በመውጣትና በመግባት ይላጣል። ጋራዥ ውስጥ ክሩስኮት የሚሉት ዳሽቦርድ የስልክ መያዣ ተለጥፎበት የነበረው ቦታ ጠባሳ ይዞ ይቀራል። መሪው እጅ ላይ ይጣበቃል፣ የጣሪያው ልብስ ይንዘላዘላል። ብዙ ሰው አንድ ጣሳ ስፕሬይ ገዝቶ ይቀባና በጥቂት ወራት ውስጥ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳበታል። ጥፋቱ ግን የቀለሙ አይደለም። የሚቀባው ፕላስቲክ ምን ዓይነት እንደሆነ አልታወቀም፣ ወይም ላቫጆ ላይ ለዓመታት የተቀባው ማብረቂያ ሳይለቅ ቀለም ተደርቦበታል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ የሚደርቅበት ጊዜ ሳይቆጠር ሁለት የእረፍት ቀን ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ቀን ከሞላ ጎደል በእጥበት ያልቃል።

የማይነካው ቦታ

መሪው መሃል ያለው የክላክስ ክዳንና በተሳፋሪው በኩል ዳሽቦርዱ ላይ ኤርባግ ወይም ኤስአርኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ክዳን ላይ ስቱኮ፣ ማስቲሽ፣ ቀለምም ሆነ ሌዘር አይደረግም። ክዳኑ ከውስጥ በኩል ሆን ተብሎ የሳሳ መስመር አለው፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚቀደደው በዚያ መስመር ነው። በላዩ ላይ የደረቀ ስቱኮ ካለ ክዳኑ ዘግይቶ ይከፈታል፣ አለዚያም ስብርባሪው ፊት ላይ ይበተናል። እነዚህን ክዳኖች በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ይበቃል።

የመሪውን ወይም የዳሽቦርዱን ክፍል የሚፈቱ ከሆነ ቁልፉን ያጥፉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ በቁጥር 10 ቁልፍ ፈትተው ያርቁ፣ ከዚያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። ኤርባጉ ባትሪው ከተፈታ በኋላም ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ኃይል አለ።

እግረ መንገድዎን አንድ ነገር ይመልከቱ። ቁልፉን ወደ ኦን ሲያዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ ስድስት ሰከንድ ገደማ ቆይቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ፣ ወይም ክዳኑ ላይ የተደፈነ ስንጥቅ ካገኙ፣ ኤርባጉ ከዚህ በፊት ፈንድቶ ሊሆን ስለሚችል ስለ ቀለም ማሰቡን ትተው መኪናውን ለባለሙያ ያሳዩ። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዞሮ የመጣ መኪና ሲሆን ደግሞ ዳሽቦርዱ ተቆርጦ የተቀጠለበት ቦታ ሊኖረው ስለሚችል በጣት እየዳሰሱ ይፈልጉት። እዚያ ላይ የሚነሳ ስንጥቅ ከላይ በስቱኮ አይያዝም፤ ከጀርባው መታሰር አለበት።

ፕላስቲኩን መለየት

የሚጠገነውን ክፍል ነቅለው ጀርባውን ያዙሩት። ነቀላው የሚቀለው መኪናው አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በማለዳ ብርድ የሚነቀል ያረጀ ክሊፕ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። በካቻቪቴ መፈልቀቅም ሌላ ጠባሳ ያተርፋል፤ ጫፉ የቀጠነ የእንጨት ማንኪያ ይሻላል።

ጀርባው ላይ በሁለት ቀስት መሰል ምልክቶች መካከል የታተሙ የፕላስቲኩን ዓይነት የሚነግሩ የላቲን ፊደላት ያገኛሉ፦ ፒፒ (PP)፣ ኤቢኤስ (ABS) ወይም ፒቪሲ (PVC)። አብዛኛውን ጊዜ የበሩ የታችኛው ክፍልና የዳሽቦርዱ መሳቢያ፣ ማለትም ጠንካራውና የደበዘዘው ግራጫ፣ ፒፒ ነው። በራዲዮው ዙሪያ ያለው ብርማ ወይም ለስላሳ ፍሬም ኤቢኤስ ይሆናል። በጣት ሲጫኑት ገባ የሚለው ዳሽቦርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ በስፖንጅ ላይ የተለበጠ የፒቪሲ ቆዳ ነው።

ጽሑፍ ከሌለው ከማይታየው ጫፍ ትንሽ ይፋቁና ውሃ ውስጥ ይጣሉት። ከተንሳፈፈ ፒፒ ነው። ከሰመጠ ግን ፒፒ አይደለም ብለው አይደምድሙ፤ የመኪና ፒፒ ውስጥ የድንጋይ ዱቄት ስለሚቀላቀል አንዳንዱ ይሰምጣል። ያኔ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በጥጥ ነክረው ጀርባውን ያሹት። ኤቢኤስ ወዲያው ይለሰልስና ይጣበቃል፤ ፒፒ ምንም አይሆንም።

ይህን ያህል የምንደክመው ፒፒ ቀለምም ኮላም የማይቀበል ግትር ፕላስቲክ ስለሆነ ነው። ሱፐር ግሉ ፒፒ ላይ ደርቆ ይቀመጥና በጥፍር ይነሳል። ለኤቢኤስ የሚሠራ ዘዴ ሁሉ ለፒፒ አይሠራም።

እጥበቱ

የዳሽቦርድ ማብረቂያዎች አብዛኞቹ ሲሊኮን አለባቸው። ሲሊኮን በቀላሉ አይለቅም፤ በላዩ የተቀባ ቀለም እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ያወጣል፣ ልክ የእንጀራ ዓይን ይመስላል። ቫዝሊንና የምግብ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ እነሱ ደግሞ አቧራ ይሰበስባሉ።

1. በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይቀላቅሉ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እየከበቡ ይሹ፤ ቆሻሻው የተቀመጠው በጥለቱ (በፕላስቲኩ ላይ ባለው ሸካራ ቅርጽ) ሸንተረር ውስጥ ስለሆነ ጨርቅ ብቻውን አያወጣውም። በንጹህ ውሃ ያለቅልቁና ይድገሙት።

2. ከደረቀ በኋላ በ70% አልኮል የረጠበ ነጭ ጨርቅ ይውሰዱና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጥረጉ። ጨርቁን በየጥርጊያው ገልበጥ ያድርጉ፣ ሲቆሽሽ ይቀይሩ። በአንድ ጨርቅ መላልሶ መጥረግ ሲሊኮኑን ከቦታ ቦታ ማዞር ነው። የፓኔሉ (የሚጠረገው ክፍል) የራሱ ቀለም ጨርቁ ላይ ከወጣ ፋብሪካው የቀባው ነው ማለት ስለሆነ አልኮሉን ቀነስ ያድርጉ።

3. ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ጠብታው ተሰብስቦ እንደ ዶቃ ከተንከባለለ ገና አልጸዳም። ውሃው ተዘርግቶ ከረጠበ ይበቃል።

ቤንዚን አይጠቀሙ። ጋራዥ ውስጥ የተለመደ ቢሆንም ዝግ መኪና ውስጥ ትነቱ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል፤ በዚያ ላይ የራሱን ቅባት ይተዋል። ቲነርም ኤቢኤስን ያቀልጣል።

ጭረቱን መጠገን

ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ ያሳልፉ። ጥፍር ካልያዘው ጥገናው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፒፒ ላይ የሚታየው ነጭ ጭረት ብዙ ጊዜ የተቦረቦረ አይደለም፤ ፕላስቲኩ ተወጥሮ ነጣ እንጂ። ሂት ገን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ከ15 እስከ 20 ሴ.ሜ አርቀው፣ እጅዎን ሳያቆሙ ወዲያ ወዲህ ያንቀሳቅሱ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነጩ መስመር እየጠቆረ ወደ አካባቢው መልክ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ዓይንዎ ከላዩ እንዳይነሳ፦ ፕላስቲኩ ላብ እንዳወጣ ግንባር ማብረቅ ከጀመረ ጥለቱ ሊጠፋ ነው፤ ወዲያው ያንሱት። አንድ ጊዜ የተላሰ ጥለት አይመለስም። ተራ የፀጉር ማድረቂያ ለዚህ አቅም አያገኝም። መጀመሪያ በተነቀለው ክፍል ጀርባ ላይ ይለማመዱ።

ጥፍር የሚይዘው ጭረት ወይም የብሎን ቀዳዳ ኤቢኤስ ላይ ከሆነ በቤኪንግ ሶዳና በሱፐር ግሉ ይሞላል። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ ስታርችና አሲድ የተቀላቀለበት ነው። ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፣ ሶዳውን ጉድጓዱ ውስጥ ጠቅጥቀው አንድ ሁለት ጠብታ ሱፐር ግሉ ያንጠባጥቡበት። በሰከንዶች ውስጥ ይደርቃል፣ ይሞቃል፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስም ያወጣል፤ በሩን ከፍተው ይሥሩ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን በሁለት ዙር ይሙሉ። ሙሌቱ ከዙሪያው ፕላስቲክ ስለሚጠነክር በጣት ይዘው ከሞረዱት ዙሪያው ይጎደጉድና ሙሌቱ ጉብ ብሎ ይቀራል። የብርጭቆ ወረቀቱን ቀጥ ባለ እንጨት ላይ ጠቅልለው በቁጥር 240 ይጀምሩ፣ በ400 ይቀጥሉ፣ በ600 ይጨርሱ።

ለኤቢኤስ ከዚህ የሚሻል አለ። ከዚያው መኪና ከማይታይ ቦታ የተፋቀ ኤቢኤስ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አሴቶን አፍስሰው ያሳድሩት፤ ጠዋት የማር ውፍረት ይይዛል። ስንጥቁ ላይ በቀጭኑ ይቀቡት። ፕላስቲኩ ከራሱ ጋር ስለሚዋሃድ ከኮላ ይበልጣል። ነገር ግን 24 ሰዓት ሳይሞላው አይሞረድ፤ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር ገና ስለሆነ በኋላ ይሰረጉዳል።

የፒፒ ስንጥቅ በቤት በደንብ የሚያዘው በሙቀት ነው። እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት አለ፦ ገመድ የሚታሰርበትን ፕላስቲክ ማሰሪያ በራዲዮ ጠጋኞች ካውያ አቅልጦ ስንጥቁ ላይ ማፍሰስ። ማሰሪያው ናይለን ነው፤ ናይለንና ፒፒ አይዋሃዱም፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅርፊት ይነሳል። መሙያው ራሱ ፒፒ መሆን አለበት። ግርጌው ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለበት የፕላስቲክ ዕቃ ፒፒ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ዘንጎች ይቆራርጡት። በስንጥቁ መጨረሻ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይብሱ፤ ስንጥቁ ከዚያ አያልፍም። ከጀርባው በኩል ጥሩ የወንፊት ሽቦ ቁራጭ በራዲዮ ጠጋኞች ካውያ እየተጫኑ ፕላስቲኩ ውስጥ ያስምጡ፣ ዘንጉን በላዩ እያቀለጡ ይሸፍኑት። በፊት ለፊት በኩል ደግሞ ስንጥቁን በቢላ ቀርጸው በጥቂቱ ብቻ ይሙሉ። ፕላስቲኩ ቢጨስ ካውያው ከልክ በላይ ሞቋል፤ የተቃጠለ ፒፒ አይይዝም።

በፀሐይ የተሰነጠቀ ለስላሳ ዳሽቦርድ ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ፒቪሲውን ለስላሳ የሚያደርገው ንጥረ ነገር በሙቀት ቀስ በቀስ ይተናል፤ ቆዳው ይጨማደድና ይቀደዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ድሬዳዋና አዋሽ ደግሞ የዝጉ መኪና ሙቀት ይጨመራል። ደረቅ የላሜራ ስቱኮ እዚህ አይሠራም፤ ዳሽቦርዱ ቀን ተለጥጦ ማታ ሲኮማተር ስቱኮው በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ወደ ላይ የተቀለበሰውን የስንጥቅ ከንፈር በምላጭ ይቁረጡ፣ በተጣጣፊ የቪኒል መሙያ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ንብርብር እያደረቁ ይሙሉ። ስንጥቁ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ይደከምለት። አራትና አምስት ረጃጅም ስንጥቅ ካለው ግን ጊዜዎን አያቃጥሉ፤ ሶማሌ ተራ ወርደው ከተመሳሳይ ሞዴል የወጣ ያገለገለ ዳሽቦርድ መፈለግ ይረክሳል።

ጥለትና ቀለም

የተሞላ ቦታ ለስላሳ፣ ዙሪያው ሸካራ ከሆነ ቀለሙ ቢመሳሰልም ዓይን ይይዘዋል። መሙያው ገና ለጋ ሳለ ቀጭን የላስቲክ ወረቀት ያልብሱትና ጥለቱ የሚመሳሰል የሌዘር ቁራጭ ይጫኑበት። ቀላሉ ዘዴ ግን ፕራይመሩን (ከቀለም በፊት የሚነፋውን መነሻ ቅብ) ከ40 እስከ 50 ሴ.ሜ አርቆ መንፋት ነው፤ ጠብታው አየር ላይ ግማሹ ደርቆ ስለሚያርፍ ሸካራ ያደርገዋል።

ከዚያ የቀለሙ ሥራ እንዲህ ይሄዳል፦

ፓኔሉን በቁጥር 600 በስሱ ያሹና በአልኮል ይጥረጉ። ፒፒ ከሆነ አንድ ስስ ንብርብር የፕላስቲክ ፕራይመር ይንፉ። ይህ አይሞረድም፤ ጣሳው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ ቀለሙ መከተል አለበት፣ ካለፈ የመያዝ ኃይሉን ያጣል።

ጣሳውን ለሁለት ደቂቃ ይናጡ። ጠዋት ብርድ ከሆነ ለ10 ደቂቃ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ የፈላ ውሃ ጣሳውን ሊያፈነዳው ይችላል። ከ20 እስከ 25 ሴ.ሜ ርቀት፣ ከፓኔሉ ውጭ ጀምረው ከፓኔሉ ውጭ ይጨርሱ። የመጀመሪያው ንብርብር የሥሩን መልክ መሸፈን የለበትም፤ ጭጋግ ብቻ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እያረፉ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይድገሙ። በክረምት ዝናብ ሲጥል መቀባት ቀለሙ ላይ ነጭ ደመና ያመጣል፤ ይጠብቁ።

የተጫረውን ቦታ ለብቻው አይቀቡ። ፓኔሉ እስከሚያልቅበት ጠርዝ ሙሉውን ይቀቡ፤ ልዩነቱ መገጣጠሚያው ላይ ሲያርፍ አይታይም። የአሮጌ ቶዮታ ግራጫ ጥቁርና ነጭ ብቻ ተቀላቅሎ አይገኝም። ወደ ቡና ዓይነት ወይም ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ስለዚህ የተነቀለውን ክፍል ይዘው ቀለም ቤት ይሂዱ፣ ደርቆም በጥላ ውስጥ ያመሳክሩ። ያለ ምንም ማቅማማት ደብዛዛ ቀለም ይምረጡ። የሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ ከሰዓት ፀሐይ ሲመታው የፊት መስታወቱ ላይ ስለሚንጸባረቅ መንገድ ይጋርዳል።

ሳይነካ 24 ሰዓት ይቆይ። በሳሙና መጥረግ ከሳምንት በኋላ ነው።

መሪ

የሚጣበቅ መሪ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ብቻ ነው፤ በላርጎ ውሃና በብሩሽ ሁለቴ ታጥቦ ይድናል። ላዩ የተላጠ ከሆነ በ400 ከዚያ በ800 ያሹና ተጣጣፊ የሌዘር ቀለም በስፖንጅ በስሱ ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ያስነኩት። ተራ ስፕሬይ መሪ ላይ በላብና በእጅ ቅባት በወር ይለቃል።

ከቀለም ይልቅ ቆዳ መስፋት ዕድሜ አለው። የመሪውን የውጭ ዙሪያ በክር ይለኩ፤ ወርዱ 37 ሴ.ሜ የሆነ መሪ ዙሪያው 116 ሴ.ሜ ገደማ ይመጣል። ቆዳውን ከዚያ 2 ሴ.ሜ አሳጥረው ይቁረጡ፣ ተለጥጦ እንዲቀመጥ። ስፋቱን ደግሞ የእጀታውን ውፍረት በክር ጠምጥመው ለክተው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይቀንሱለት፤ ስፌቱ ጎትቶ ያጠብቀዋል። የሰፋ ቆዳ በሚጠመዘዝበት ጊዜ እጅ ውስጥ ይዞራል፣ ያ ደግሞ አደጋ ነው። ስፌቱ በውስጠኛው ዙሪያ ይሁን። በገበያ ያለው ላስቲክ ያለበት የመሪ ልብስም የሚንሸራተት ከሆነ አይግዙት።

ወንበር

በሌዘር ላይ ያለ ቀዳዳ ወይም ቅዳጅ ከላይ ብቻ ከተደፈነ ሲቀመጡበት ይከፈታል። የተንጠለጠለውን ክር በመቀስ ያጽዱ። ከቅዳጁ በየጎኑ 2 ሴ.ሜ የሚተርፍ የጂንስ ቁራጭ በጉጠት ከሥር ያስገቡና ያለ ጨማዳ ይዘርጉት። ተጣጣፊ ኮላ በሁለቱም ወገን ቀብተው ከንፈሮቹን ያገናኙ፣ በላስቲክ ወረቀት ሸፍነው አንድ ኪሎ የሚያህል ክብደት ጭነው ያሳድሩ። በማግስቱ የሌዘር መሙያ በስስ ንብርብር ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ በፀጉር ማድረቂያ እያደረቁ። በ600 ያሹ፣ ቀለሙን በስፖንጅ ያስነኩ።

ስፌት ላይ የተከፈተ ግን አይለጠፍም። ወንበሩ የሚተጣጠፈው እዚያ ስለሆነ ኮላ አይቋቋመውም፤ ልብሱን አውልቆ በወፍራም የናይለን ክር በድሮው ቀዳዳ መስፋት ነው። ወንበሩ ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ካለ ያንን ስፌት አይንኩ።

የጣሪያ ልብስ

ጨርቁ የወረደው ከጨርቁና ከጣሪያው ሰሌዳ መካከል ያለው ስስ ስፖንጅ ወደ ዱቄት ስለተለወጠ ነው። በመርፌ ቁልፍ ወጥሮ መያዝ ለወር ያገለግላል። ሙጫ በመርፌ መወጋትም ውጤት የለውም፤ ሙጫው የሚይዘው ዱቄቱን ነው።

የፀሐይ መከላከያዎቹን፣ መያዣዎቹንና መብራቱን ፈትተው ሰሌዳውን ሳያጥፉ በኋላ በር ያውጡ። አሮጌውን ጨርቅ ገፈው ብርቱካናማውን ዱቄት ለስላሳ በሆነ ብሩሽ ይጥረጉ፤ አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ይህን ሥራ ባቋረጡበት ቦታ ሁሉ አዲሱ ጨርቅ ይወርዳል። 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ የተለበጠበት የጣሪያ ጨርቅ መርካቶ ያገኛሉ፤ ሰሌዳውን ለክተው በየጎኑ 10 ሴ.ሜ ይጨምሩ። ሙቀት የሚችል ማስቲሽ በሰሌዳውም በስፖንጁም ላይ በስሱ ይቀቡ፣ በጣት ሲነኩት የሚይዝ ግን ክር የማይስብ እስኪሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። ጨርቁን እኩሌታውን አጥፈው ከመሃል ወደ ጠርዝ በመዳፍ እየገፉ ያስይዙ፤ ከዳር ከተጀመረ መሃል ላይ አየር ይቀራል። ማስቲሹ ከበዛ ስፖንጁን ዘልቆ በጨርቁ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይሆናል። የመብራቱን ቀዳዳ ከመግጠምዎ በፊት በመስቀል ቅርጽ ብቻ ይቅደዱት፤ ክብ አድርገው ከቆረጡት ጠርዙን የሚያጥፉበት አይተርፍም።

የፍጥነት ቆጣሪው ፊት ያለው ግልጽ ፕላስቲክ ከተጫረ አልኮልም አሴቶንም አይንካው፤ በውስጡ የሸረሪት ድር የሚመስል ስንጥቅ ይነሳል። በውሃ በረጠበ 2000፣ ከዚያ 3000 ቁጥር ወረቀት በስሱ ያሹና በፖሊሽ፣ ከሌለም በነጭ የጥርስ ሳሙና በማይክሮፋይበር ጨርቅ ይወልውሉት። የጥርስ ሳሙናው ጄል ከሆነ የሚፍቀው ነገር ስለሚያንሰው ብዙ አይሠራም።